የትንፋሽ ሚዛን

ስሙ ዊበ ነበር፤ እኔ ግን ውቤ አልኩት፣
አልተከፋም፤ ስጠራው «አቤት» እንዲለኝም አስለመድኩት።
ቤቱ ዶኩም ነው፣ ከቦዩ ዳር፣ ከነፋስ ወፍጮው ሥር፤
ላዩ የኔ፣ ታቹ የሱ፣ መሀላችን የሚንቋቋ ደረጃ ነበር።

አርባ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ መዝኗል፣
ከፖስታ ቤቱ መስኮት ኋላ ቆሞ ፍርድ ሰጥቷል፦
እስከ ሃያ ግራም አንድ ቴምብር፣
ከዚያ ካለፈ ግን፣ ፍቅርም ቢሆን፣ ይጨምር።

ፖስታ ቤቱ ተዘጋ። ጸጉር ቤት ሆነ።
የነሐስ ሚዛኑም በጨረታ ወጥቶ፣ የት እንደገባ ሳይታወቅ ባከነ።
የዊበ እጅ ግን ማረፍ አቃተው፤
ማንኪያም ይሁን ጠጠር አንስቶ «ስንት ይሆን?» ሲል ማን ይከልክለው።

አንድ ማታ ጠራኝ፣ «ና እይ» አለኝ ፈንድቆ፤
ጠረጴዛው ላይ ባለ ዚፕ ላስቲክ፣ ውስጡ ስልኩ ተደብቆ።
በቀጭን ቀሰም እፍ፣ እፍ፣ እፍ አለበት፣
ጉንጩ እስኪቀላ፣ ላስቲኩ እስኪቆም በኩራት፣
ከዚያ ጥርቅም አድርጎ ዘጋበት።

«ይህ ስልክ የአየር ግፊት ይሰማል» አለኝ፣
«ሰው ተራራ ሲወጣ ያውቃል። እኛ ጋ ተራራ የለም እንጂ።
አሁን የሚሰማው አየር የኔ ብቻ ነው፤
ላዩ ላይ አንድ ነገር ሳኖር፣ ትንፋሼ ነው የሚጨነቀው።»

ባለ አንድ ዩሮ ሳንቲም አኖረ፦ ሰባት ከግማሽ ግራም።
«አስተማሪው እሷ ናት፤ መንግሥት መዝኗት ወጥታለች፣ አትዋሽም።»
ከዚያ ወዲህ በቤቱ ያልተመዘነ አልቀረም፦
ከካፖርቴ የወለቀው ቁልፍ፣
የመዘጋጃ ቤቱ ማስጠንቀቂያ ከነፖስታው፣
ከመስኮቱ ደፍ ያነሳት የሞተች ንብ። ዜሮ።
«ንቧ የለችም ማለት አይደለም፤ ሚዛኔ ነው ደንቆሮ።»

አንዴ ጣቴን ላስቲኩ ላይ ሳልጫን ባሳርፍ፣
ቁጥሩ ሽቅብ ሄደ፣ ገረመኝ።
«እጅህን አንሳ» አለ፣ «ሙቀትና ሸክም አይለይም ይህ ሞኝ።»
ከሰሜን ባሕር ማዕበል በመጣ ሌሊት ደግሞ፣
ሳንቲሟ ራሷ ቀለለች።
«ዛሬ የሚመዘነው ሰማዩ ነው» አለ፣ መስኮቱ ጋ ቆሞ።

ሐሙስ ዕለት አምቡላንስ መጣ። ወርጄ ሳልጨርስ ይዘውት ሄዱ።
ላስቲኩ እንዳበጠ ቀረ፣ አንድ ቴምብር ተሸክሞ በሆዱ።
ዓርብ ምንም አልተሰማም።
ቅዳሜ ተደወለ።

እሑድ ልጁ መጣች፣ ሹክየ የምትባል፤
ስሟ ለኔ ጆሮ ሹክሹክታ ነው፣ ድምጿም ያንኑ ይመስላል።
ሆስፒታል የሰጧትን ፖስታ ብትቀደው ቀለበቱ ወጣ፤
«ስንት ይሆን?» አለች። የአባቷ አመል ሳታስበው ከአፏ መጣ።

አኖርነው፣ የገዛ ትንፋሹ ላይ።
አራት ግራም ከምናምን።
ዓይናችን ያረፈው ግን ሌላ ቁጥር ላይ፦
ባትሪ፣ ሦስት በመቶ፣ ቀይ።

እንዲሞላ ላስቲኩ መከፈት አለበት፤
ከተከፈተ ደግሞ...
ማንም አልጨረሰው። ቻርጀሩን ይዤ ቆምኩበት።
«ተወው» አለች።
ሁለት ሆነ። አንድ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረ፤
ቀለበቱ ግን ከነክብደቱ እዚያው ነበረ።

ላስቲክ ላስቲክ ነው፤ ቢቆለፍም ያሾልካል።
በሁለተኛው ሳምንት ጠርዙ ተሸበሸበ፤
ቀለበቱ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ወረደ፣ ወደ ስልኩ ቀረበ።
አንድ ጠዋት ጠፍጣፋ ሆኖ አገኘነው፣ ቀለበቱ መስታወቱን ነክቶ፤
«ተነፈሰ» አልኩ፣ ቃሉ ሳላስበው በአማርኛ ወጥቶ።

«ምን ማለት ነው?» አለች ሹክየ።
«ኳስ ወይም ጎማ አየሩ ሲያልቅ ነው» አልኳት፣ «በኛ ቋንቋ።»
ሌላውን ፍቺ ዋጥኩት፤
ይዤው ስወጣ ግን ደረጃው ተንቋቋ።